በመጻጉዕ ሳምንት ማንን እንጠይቅ?

ሁዳዴ ሲገባ ወሬያችን ሁሉ ምግብ ይሆናል። በያይነቱ የት እንደሚጣፍጥ፣ የጾም ኬክ የት እንደሚገኝ እንጠያየቃለን። ሥጋና ወተት ትቶ 55 ቀን መዝለቅ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ግን ብዙ ወጣቶች "ጾሜ ምግብ መቀየር ብቻ ሆነብኝ" ሲሉ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለየሳምንቱ ስም ሰጥታለች፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። እሑድ ቅዳሴ ላይ እንሰማቸዋለን፤ ሰኞ እንረሳቸዋለን። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ይዘን ወደ ቤታችን ብንገባስ?

መጻጉዕን እንውሰድ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው መጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" ሲለው "ሰው የለኝም" ብሎ ነው የመለሰው። ይህ ቃል ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሰማል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥቶ አስታማሚ ያጣ፣ መድኃኒት እንኳ ሮጦ የሚገዛለት የሌለው ሰው አለ። በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት ከእሱ ጋር ብንውል፣ ከቀረው ቁርሳችን የተረፈችውን ብር ለመድኃኒቱ ብናውል፣ እሑድ የሰማነውን ወንጌል ኖርነው ማለት ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ይነግረናል።

ኒቆዲሞስ ደግሞ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው። ሥራ ፋታ ለነሳው ሰው ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነው። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ቅዳሴ የምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የላትም። የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብታደርስ ጾሟ ጎደሎ ነው የሚላት ማን ነው?

"ሁሉም በየፊናው ከሄደ የጋራ ጾማችን ይላላል" ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔም ጾሙን እንተወው አላልኩም፤ በላዩ የየራሳችንን እንጨምር ነው የምለው። ልኩንም የንስሐ አባት ያውቁታል። ስኳር ላለባት እናትና ለጤነኛ ጎረምሳ አንድ ዓይነት ስግደት አያዝዙም። ብቻ ቀደም ብላችሁ አነጋግሯቸው። ሆሣዕና ሲቃረብ አባቶች ፋታ አያገኙም።