«ስታሸንፍ ተመለሱ»

ይህችን አባባል ያነበብኳት ሰሞኑን ነው። አንድ የኦንላይን ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ፣ ለምክር ቤት ስለምትወዳደር አንዲት ሴት የተጻፈ ገጽ «ይጥፋ ወይስ ይቆይ» የሚል ክርክር ተከፍቶ ነበር። ሦስት አራት አርታኢዎች መጡና «ታዋቂ አይደለችም» አሉ። አንደኛው «ስታሸንፍ ተመለሱ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በማግስቱ ገጹ የለም።

ተናድጃለሁ። ሴትየዋን ስለማውቃት አይደለም፤ አላውቃትም። ስለ ፖሊሲዋም ከዚያ ገጽ ውጭ ያነበብኩት ነገር የለም። የተናደድኩት ነገሩ የአንድ ሰው የአፍ ወለምታ ስላልሆነ ነው። አሠራር ሆኗል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያም የሚመራው በዚሁ ሐሳብ ነው። በአገር ወይም በክልል ደረጃ ሥልጣን የያዘ ፖለቲከኛ ገጽ ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። ያልተመረጠ ዕጩ ግን ዕጩ በመሆኑ ብቻ አይገባውም። ጋዜጦች በሰፊው ከጻፉለት ይታይለታል። ካልጻፉለት ብዙ ጊዜ ስሙን የፈለገ ሰው ወደ ምርጫው ገጽ ይላካል። እዚያ የሚጠብቀው ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ፓርቲ፣ ስም፣ ድምፅ፣ በመቶኛ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ስሙ ሰማያዊ ነው። ስትጫኑት ይከፈታል። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተማረ፣ ለየትኛው ሕግ እጁን እንዳወጣ ይነግራችኋል። ከሥሩ የተደረደሩት ስሞች ጥቁር ናቸው። ብትጫኑ፣ ደግማችሁ ብትጫኑ፣ ምንም የለም። ሁለት ሰው ሊያወዳድር የመጣ መራጭ አንዱን ብቻ አግኝቶ ይመለሳል።

ይህን ገለልተኝነት ይሉታል። ከምኑ ነው ገለልተኛ የሆነው? «ማንን ልምረጥ» ብሎ ለመጣ ሰው አንዱን ተወዳዳሪ ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ወግኗል። የወገነውም ቀድሞውኑ ወንበር ላለው፣ ቢሮ ላለው፣ ካሜራ ለሚከተለው ሰው ነው። አርታኢዎቹ እንዲህ አስበው አላደረጉትም ይባል ይሆናል። መራጩ ግን የሚያየው ሐሳባቸውን ሳይሆን ባዶውን ቦታ ነው።

አሜሪካዊቷን ፖለቲከኛ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2018 በኒው ዮርክ በተደረገው የዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ከ1999 ጀምሮ ኮንግረስ ውስጥ የነበረውን ጆ ክራውሊን አሸነፈች። እስከዚያ ቀን ድረስ ዊኪፒዲያ ላይ የራሷ ገጽ አልነበራትም። ክራውሊ ግን ነበረው። ገጿ የመጣው ካሸነፈች በኋላ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ያ ገጽ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነበር? ከምርጫው በኋላ ስለ እሷ የማይጽፍ ጋዜጣ፣ የማያወራ ቴሌቪዥን አልነበረም። ያን ገጽ የፈለገው ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ማታ ስልኩን ከፍቶ ስሟን የጻፈው መራጭ ነው። እሱ ነው ባዶ እጁን የተመለሰው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በአሜሪካ አይዋ ግዛት ደግሞ ተደገመ። ቴሬሳ ግሪንፊልድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የፓርቲዋን ምርጫ አሸንፋ የሴኔት ዕጩ ሆነች። ውድድሩ በዚያ ዓመት አገሪቱ በቅርብ ከተከታተለቻቸው አንዱ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ እንኳ ለወራት የራሷ ገጽ አልነበራትም። «ሥልጣን አልያዘችም» ነው መልሱ። ተፎካካሪዋ ጆኒ ኧርንስት ግን ሴናተር ስለሆነች ገጿ በቦታው ነበር። የትልቅ ፓርቲ ዕጩ ይህ ከደረሰባት፣ ገንዘብም ፓርቲም የሌለው ተወዳዳሪ ምን ሊጠብቅ ይችላል?

ከሁሉም መከራከሪያዎቻቸው የሚያናድደኝ «ይህን ሁሉ ዕጩ ከመዘገብን ኢንሳይክሎፒዲያው ይጨናነቃል» የሚለው ነው። ምኑ ነው የሚጨናነቀው? መደርደሪያ የለው፣ ማሰሪያ የለው፣ የወረቀት ዋጋ የለው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። «ዊኪፒዲያ ወረቀት አይደለም» የሚለው የራሱ መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ አንድ እግር ኳስ ተጫዋች በፕሮፌሽናል ሊግ አንድ ጨዋታ ከተሰለፈ ገጽ ይገባዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። አንድ ጨዋታ! ተቀይሮ ገብቶ ኳስ ባይነካም።

የቦታዎቹን ደንብ ደግሞ እዩልኝ። እኔ ከዚህ ክርክር የማልወጣው በእሱ ነው። ሰው የሚኖርበት፣ በሕግ ዕውቅና ያገኘ ቦታ ሁሉ ገጽ ይገባዋል ተብሎ ይታሰባል። የነዋሪው ቁጥር ምንም ቢያንስ ግድ የለም። ሰዎቹ ለቀውት ቢሄዱም እንኳ ገጹ ይቆያል። ለምን? ሕግ ስላወቀው። ይህን ደንብ እኔ እወደዋለሁ፤ ትክክል ነው። አንድ መንደር በካርታና በመንግሥት መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መልስ ማግኘት አለበት። ታዲያ ዕጩስ? ዕጩም እኮ በሕግ የታወቀ ነው። ፎርም ሞልቷል። ብዙ ቦታ የድጋፍ ፊርማ አሰባስቧል፣ ወይም ገንዘብ አስይዟል። በብሪታንያ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው 500 ፓውንድ ያስይዛል፤ ከድምፁ 5 በመቶ ካላገኘ ገንዘቡን አይመልሱለትም። የምርጫ ባለሥልጣን ፎርሙን ተቀብሎ፣ ስሙን አትሞ፣ በመራጩ ሁሉ እጅ አስገብቶታል። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት የሕግ ዕውቅና አለ? ማንም የማይኖርበት መንደር ገጽ አግኝቶ፣ ሺህ ሰው ወረፋ ይዞ ስሙ ላይ ምልክት ያደረገለት ሰው የሚነፈግበት ምክንያት አልገባኝም። ማንም ሊያስረዳኝም አልቻለም። ጠይቄያለሁ። የሚሰጡኝ መልስ «መመሪያው እንዲህ ይላል» ነው። መመሪያውን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ!

«ምንጭ የለውም» ይላሉ ደግሞ። የዕጩዎች ዝርዝር ምንጭ ነው። የክርክር መድረክ ቅጂ ምንጭ ነው። የአካባቢ ሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ምንጭ ነው። ትልልቆቹ ጋዜጦች ትናንሽ ዕጩዎችን አይዘግቡም፤ ኢንሳይክሎፒዲያው ደግሞ ጋዜጦቹ አልዘገቡም ብሎ አይጽፍም። ሰውየው በሁለቱ መካከል ይጠፋል።

«ገጹ የምረጡኝ በራሪ ወረቀት ይሆናል» ለሚሉት የማርቲ ሚሃንን ታሪክ ላስታውስ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የቢሮው ሠራተኞች የዊኪፒዲያ ገጹን ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ መተካታቸው ተጋለጠ። ከጠፉት ነገሮች አንዱ ከአራት የምርጫ ዘመን በላይ አልቆይም ብሎ የገባውና ያልጠበቀው ቃል ነበር። ይህን ያደረገው ያልታወቀ ዕጩ አይደለም። ባለወንበር ነው። ታዲያ የእሱ ገጽ ጠፋ? ታረመ እንጂ አልጠፋም። ለትንሹ ዕጩስ ለምን አይታረምለትም? ለአንዱ እርማት፣ ለሌላው መሰረዝ የሚፈርድ ዳኛ አድልቷል።

ከሁሉም የሚከፋኝ «ከተሸነፈ ማን ያስታውሰዋል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ ስትራትፎርድ በተካሄደ የማሟያ ምርጫ ዴቪድ ሳች የሚባል ወጣት የታዳጊዎች ፓርቲ ብሎ ተወዳደረ። 208 ድምፅ ብቻ አገኘ። ሰው ሳቀበት። ይጠይቅ የነበረው የመራጭነት ዕድሜ ከ21 ወደ 18 እንዲወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዕድሜው በሕግ ወረደ። ሕጉን እሱ አመጣው አልልም። ግን ጥያቄው ከየት እንደተነሳ የሚያጠና ሰው ያቺን 208 ድምፅ ሊያገኛት ይገባል። ሳች ዛሬ ገጽ አለው። ቀድሞውኑ ዘፋኝ ስለነበረ ባይወዳደርም ማግኘቱ አይቀርም ነበር። ያን ጥያቄ ይዞ የተነሳው መካኒክ ወይም አስተማሪ ቢሆንስ? ስሙ እስከ ዛሬ ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ተሸንፎ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ቤቱና ልጆቹ ዕድሜ ልክ በኢንተርኔት ሊጋለጡ አይገባም። መፍትሔው ግን ማጥፋት ሳይሆን ማሳጠር ነው። አምስት መስመር ይበቃል። ስሙ፣ ሥራው፣ የተወዳደረበት ወንበር፣ ይዞት የተነሳው ጥያቄ፣ ያገኘው ድምፅ። ቤተሰቡ አይነካ፣ አድራሻው አይጻፍ።

የሴትየዋ ምርጫ ገና አልደረሰም። ትናንት ማታ ስሟን ፈልጌ ነበር። ኢንሳይክሎፒዲያው «ይህ ገጽ የለም» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣልኝ ተፎካካሪዋ ስለ እሷ ያሠራው ማስታወቂያ ነው።