ሚውቴሽን ኢንዛይምን ሁሌም አይገድልም

ስለ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን «ሚውቴሽን ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል» የምትለዋ አረፍተ ነገር ላይ አልስማማም። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ኢንዛይሙ፣ ማለትም ሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ አዲስ ሥራ ይጀምራል፣ ካንሰር ላይ በጣም የሚያሳስበው ደግሞ እሱ ነው።

አይዲኤች1 (IDH1) የሚባለውን ኢንዛይም ውሰዱ። 414 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አሉት። ጤነኛ ሲሆን አይሶሲትሬት የሚባለውን የሴል ኬሚካል አልፋ-ኪቶግሉታሬት ወደሚባል ሌላ ኬሚካል ይቀይራል። 132ኛ ቦታ ላይ ያለው አርጂኒን በሂስቲዲን ሲተካ ግን ያንኑ አልፋ-ኪቶግሉታሬት ወስዶ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ያደርገዋል፤ ይሄ ነገር ሴሉ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ከዲኤንኤ ላይ የሜቲል ምልክቶችን (ጂኖች እንዲሠሩ ወይም እንዳይሠሩ የሚቆጣጠሩ ኬሚካላዊ ምልክቶችን) የሚያነሱትን ሌሎች ኢንዛይሞች ያግዳል፣ ሴሉም በቅጡ ሳይበስል ይቀራል። አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተቀይራ ይሄ ሁሉ! የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ልዩነቱ ለሕክምና ወሳኝ ነው። የሞተን ኢንዛይም በመድኃኒት መመለስ ይከብዳል፣ የማይገባ ሥራ የያዘን ግን ማስቆም ይቻላል። አይቮሲደኒብ የሚባለው መድኃኒት በተለወጠው አይዲኤች1 ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አኪውት ማይሎይድ ሉኬሚያ ለሚባለው የደም ካንሰር ተፈቅዷል።

እዚህ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብሎ ይሄን በስልኩ የሚያነብ የሕክምና ተማሪ ብዙ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ አስተካክሉት። ስታስተካክሉ ኬራስ (KRAS) የሚባለውን፣ ለሴሉ የመባዛት ምልክት የሚያስተላልፈውን ኢንዛይምም ጨምሩበት። እሱ ጂቲፒን (ሲያያዘው የሚያበራውን ሞለኪውል) የመቁረጥ አቅሙን ሲያጣ አይጠፋም፣ እንዲያውም እንደበራ ይቀርና ሴሉን ተባዛ ተባዛ ይለዋል።