ይህን ጨዋታ በአማርኛ እንጫወተው

ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ ከአንድ የኬላ ዘበኛ ጋር ክርክር ገጠመ። ዘበኛው እኔ ነኝ። ኬላው የለም። ያለነው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ሳህን ቆሎና ጥቂት ዳይስ (ፊቶቹ ላይ ቁጥር ያለበት፣ የሚወረወር ጠጠር) አለ።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። አማርኛ ሲያወሩት ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ዘበኛው እንግሊዝኛ የማይሰማ ሽማግሌ ነው ብያለሁ። ልጁ ትንሽ አሰበና «አባባ፣ እባክዎ ያሳልፉን። በቅሏችን ታማለች» አለኝ። አንቱ በል ያለው የለም። ከዚያ 20 ፊት ያለውን ዳይስ ወረወረ። 17 ወጣ። ኬላው ተከፈተ፣ ልጆቹ በደስታ ጮኹ።

ጨዋታው ሮል ፕሌይንግ ጌም ይባላል። አካሄዱ ቀላል ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የት እንደደረሳችሁ፣ ምን እንደሚታያችሁ ይነግራችኋል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። አንዱ ነጋዴ ይሆናል፣ አንዷ አዳኝ። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ሲባል የመሰለህን ትናገራለህ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይወረወራል። አሸናፊ የለም። አንድ ታሪክ ለወራት ሊቀጥል ይችላል።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንቆቅልህ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ሲል ጠያቂው እዚያው ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ጎንደር ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እኛ ቤት የጨዋታውን መሪ «አገር ሰጪ» የምንለው ለዚህ ነው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ እናት ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1974 አወጡት (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ ባለቤቱ ትልቁ የአሻንጉሊት ኩባንያ ሀዝብሮ ነው።

ስሙን የሰሙ ወላጆች ይጠይቁኛል። ዘንዶና አስማት አለበት አሉ፣ ለልጅ ይሆናል ወይ? በ1980ዎቹ የአሜሪካ ወላጆችም ልጆቻችን ሰይጣን ሊያመልኩብን ነው ብለው ፈርተው ነበር። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ታሪኩን የሚመርጠው መሪው ነው። የእኛ ልጆች ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ከአፋር ቆላ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋ ይወጣሉ። ሽፍታ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ መንገድ ላይ የምትታመም በቅሎ አለች። ጠንቋይ ግን የለም።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፣ ምክንያቱም ለእኛ በር የከፈተልን እሱ ነው። የዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዋና መጻሕፍት ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ወደ 50 ዶላር ይሸጣሉ። ግን አምስት ሰው በሚጫወትበት ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው አንዱ ነው፣ መሪው። የተገዛው መጽሐፍ ደግሞ አሥር ዓመት ያገለግላል። ለነጋዴ ይህ ያስጨንቃል። በ2022 መጨረሻ ላይ የኩባንያው ኃላፊዎች ከዚህ ጨዋታ የሚገባንን ያህል ገቢ አላገኘንም ብለው ለባለሀብቶች ተናገሩ።

ከዚያ ጃንዋሪ 2023 መጣ። ከ2000 ጀምሮ ማንም ሰው በጨዋታው ሕግ ላይ ተመሥርቶ የራሱን መጽሐፍ እንዲያሳትም የሚፈቅድ ፈቃድ ነበር። ኩባንያው ሊለውጠው ያዘጋጀው ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ አሳታሚ ከዚያ በላይ ካለው ገቢው እስከ 25 በመቶ ይክፈል ይላል። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ኩባንያው ለጨዋታው በኢንተርኔት የሚሰጠውን አገልግሎት ደንበኝነት በገፍ ሰረዙ። አስተያየት ሲጠየቁ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱ፣ አብዛኞቹም አንፈልግም አሉ። ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ሐሳቡን ተወ። ወደ 400 ገጽ የሚሆነውን የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ነፃ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ያንን ሰነድ ማንም ሰው ወደ አማርኛ መመለስ ይችላል። ማሳተም ይችላል፣ መሸጥም ይችላል። የሚጠበቅበት ምንጩን መጥቀስና የለወጠውን መናገር ብቻ ነው። የማንንም ደጅ አይጠናም። የተሰጠው ፈቃድ ደግሞ ተመልሶ አይወሰድም።

እኔ ጀምሬዋለሁ። 400ውን ገጽ አልነካሁም፣ አያስፈልግምም። ለመጀመር 20 ገጽ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚያስቸግረው ቃሉ ነው። ሂት ፖይንት የሚሉትን፣ ተጫዋቹ የሆነው ሰው ከመውደቁ በፊት ምን ያህል ጉዳት እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር፣ ስንት አመሸንበት! «ነፍስ» አልነው፣ «ሁለት ነፍስ ቀረኝ» ሲሉ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አሁን «ጉልበት» እንለዋለን። ድምፅን አጥፍቶ ማለፍን «ኮቴ ማጥፋት» ያለችው የ11 ዓመት ልጅ ናት። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ እሰይ ብዬ ጻፍኩት።

እናቴ አትጫወትም። ኩሽና ሆና ቡና እየቆላች ግን ትሰማለች። ቅዳሜ ኬላው ከተከፈተ በኋላ ብቅ አለችና «ጨዉን በምን ሸፈናችሁት?» ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ተያዩ። ማንም አልሸፈነውም። ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ቆዳም የለ፣ ሰሌንም የለ። የሚቀጥለው ቅዳሜ መንገዱ ላይ ዝናብ አለ።