ተረት ተረት፣ ማስታወቂያ

የዩቲዩብ ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ «የላም በረት» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ልጁ አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

ተረቱ ራሱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቪዲዮው ግን ስምንት ደቂቃ ከምናምን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ስምንት ደቂቃ የሞላ ቪዲዮ መሀሉ ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል። ስለዚህ ጅቡ አህያዋ ጋ እስኪደርስ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል። ደርሶ አፉን ሲከፍት የአፓርታማ ሽያጭ ከች! «ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ ብቻ!» የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ዞር ብላ «ጅቡ አህያዋን ትቶ ቤት ሊገዛ ሄደ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሥዕሉን የሚሠራው ደግሞ ኤአይ ነው። ድምፁ «በድሮ ጊዜ አንድ ደሀ ገበሬ ነበር» ይላል። ሰውዬው ቱታ ለብሶ ትራክተር ላይ ተቀምጧል። ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። እሱ ደሀ ከሆነ እኛ ምንድን ነን? የጅቡን እግር ብቆጥር አምስት ሆነብኝ። አንባቢውም አንዳንዴ ሰው አይደለም። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። አህያዋ ስትበላም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንደሚያነብ ጸሐፊ ድምፁ ንቅንቅ አይልም።

ሰው ሲያነብስ? መጽሐፉን ወደ ካሜራው ያዞራል፤ አውራ ጣቱ ጦጣዋን ሸፍኗታል። ከጀርባ ኪቦርድ ይደበደባል።

አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲያወሩ ኤአይም ኪቦርድም አላስፈለጋቸውም። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እኛ ቤታችን ሆነን እንመልስላቸው ነበር። እንደሚሰሙን ደግሞ ቅንጣት አንጠራጠርም።

የዛሬዎቹ ከልጅ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ገና ሀ ሁ ያልቆጠረችውን «ሰብስክራይብ አድርጊ፣ ደወሏን ተጫኚ፣ ኮሜንት ላይ ጻፊልን» ይሏታል። ለልጆች ተብሎ በተመዘገበ ቪዲዮ ላይ ዩቲዩብ ኮሜንቱንም ደወሉንም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዘግቶታል። ታዲያ የእኛዋ ታዛዥ የሌለውን ደወል ፍለጋ ስክሪኑን ስትነካካ ሌላ ቪዲዮ ከፈተች። አንዲት ሴትዮ የሆነ አርቲስት ፍቺ ታወራለች።

ልዘጋው ስል እጄ ቆመ። ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ዝም ትላለች። ዓይኗን ታፈጣለች። «ከዚያስ ምን ተፈጠረ መሰላችሁ?» ብላ ትጠብቃለች።

«ምን ተፈጠረ?» አለች የእህቴ ልጅ።