የጋንዶ ግድግዳ ለጅማ ዝናብ ይሆናል?

የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። ሥራው ለጅማ ትምህርት ቤቶች አርአያ ይሆናል ወይ? መምህሩ «ይሆናል»፣ የግንባታ መሐንዲሷ «አይሆንም» ይላሉ።

መምህሩ፦ ግንቦት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፄ ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ተደፍተው፣ እስኪያባራ እንጠብቃለን። ጥር ላይ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ምጣድ ነው።

ኬሬም ልጅ ሳለ በሙቀት የታፈነ ክፍል ውስጥ ነው የተማረው። ለአናጢነት ሥልጠና ጀርመን ሄደ፤ ኋላ በርሊን አርክቴክቸር እየተማረ ገንዘብ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2001 የትውልድ መንደሩን የጋንዶን ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በማሽን የተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ነው። ቆርቆሮውን አልጣለውም፤ በቀጫጭን ብረት ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ከሥሩም የጡብ ኮርኒስ አደረገ። በመካከላቸው ነፋስ እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል። የዝናቡም ጩኸት ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ጡቡ ያበርደዋል።

መሐንዲሷ፦ መምህር፣ በጣሪያው እስማማለሁ። በግድግዳው ግን አልስማማም። የጋንዶ ዝናብ የጥቂት ወራት ነው፤ የእኛ ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙም አያርፍም። የጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፦ ግድግዳ የሚበላው መሬት ነጥሮ የሚመለሰው ጠብታ ነው። ከታች አንድ ክንድ ያህል ምርጉ ይረግፋል፣ ማገሩ ይወጣል፣ ከዚያ ምስጥ ይገባል። ጅሬን ላይ ላለው ለአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጠጋኝ ይፈለጋል፤ ለገጠር ትምህርት ቤት ማን በጀት ይይዛል?

ደግሞ ጉልበቱን አንርሳ። ጋንዶ ላይ እናቶች ውሃ ቀድተው፣ ልጆች ድንጋይ ተሸክመው ነው የተሠራው። እዚህ የቀን ሠራተኛ ልጆቹን የሚያሳድረው በዕለት ገቢው ነው። የእናቶችን ድካም ሳንቆጥር «ርካሽ ነው» ማለት አልችልም።

መምህሩ፦ ሠራተኛው ይከፈለው፤ እኔም የምለው ይኸው ነው። ለሲሚንቶ የሚወጣው ብር ለሰፈሩ ሰው ይድረስ። ጅሬንን ካነሱ ግን፣ ያ ቤተ መንግሥት እኮ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመው በሰፊው በረንዳው ነው! የጋንዶ ጡብም ማገር የለውም፤ ምስጡ ምን ያገኛል?

ለጋንዶ ቤተ መጻሕፍት ኬሬ የሴቶቹን የሸክላ ማሰሮዎች ከላይና ከታች አስቆርጦ ጣሪያው ውስጥ ቀበራቸው። ብርሃንና አየር የሚገባው በማሰሮ አፍ ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማን ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡ እጆች ባሉበት በጅማ፣ ትምህርት ቤቶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት የብሎኬት ሳጥን መሆናቸው ያንገበግበኛል።

መሐንዲሷ፦ እኔንም ያንገበግበኛል። ሆኖም አፈር ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፤ ጥቁሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ተመርምሮ፣ ጡቡ ሁለት ክረምት ደጅ ቆሞ ሳላይ ልጆች አላስገባበትም። ጣሪያውን ግን ነገ ፍቀዱልኝ፤ በብሎኬቱ ላይ እሰቅለዋለሁ።