ጋኑና ጠጠሩ

ባለፈው እሑድ ደሴ ውስጥ አንድ ዘመዴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ፣ የከተማ ፕላን ተማሪ የመለካትና የካርታ ሥራን በእጁ መማር አለበት ወይስ የለበትም የሚል ክርክር ተነሣ። መነሻው የጎረቤት ልጅ ናት። በከተማ ፕላን ተመርቃ፣ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታ፣ በመጨረሻ አንድ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠረች። በሦስተኛው ሳምንት እያለቀሰች ቤት ገባች።

የሆነው እንዲህ ነው። የቦይ መስመር በጂፒኤስ ለቅመሽ አሮጌው ካርታ ላይ አውርጂ ተባለች። ለቀመች፣ አወረደች። መስመሩ ቦዩን ትቶ ዳገት ላይ ካሉ ቤቶች ጣሪያ ላይ ወጣ። ከ200 ሜትር በላይ ሸሽቷል። ምክንያቱን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የደቂቃ ሥራ ነው። የቆዩት የሀገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መሠረት ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ግን ካልቀየሩት በቀር ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው የሚያነበው። አንዱን ወደ ሌላው ሳይመልሱ ሁለቱን ከደራረቡ፣ ከተማው ቦታውን ይለቃል። ደሴ ባለችበት በጦሳ ተራራ ግርጌ 200 ሜትር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ከወንዝ አውጥቶ ገደል ላይ ይሰቅላል። ይህን ልጅቷ በተማረችበት ዘመን ሁሉ ቁጭ አድርጎ ያሳያት ሰው የለም።

ጡረታ የወጡ ቀያሽ ከመካከላችን ነበሩ። ራሳቸውን ነቀነቁና «ጋን በጠጠር ይደገፋል» አሉ። «ጋኑን ሰጧት፣ ጠጠሩን ነፈጓት።»

እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

አንድ መምህር ግን አልተዋጠለትም። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ፕላነር አሳቢ ነው አለ። ፕላነር ራእይ ያለው ሰው ነው አለ። አውቶካድና ጂአይኤስ የሚባሉት የንድፍና የካርታ ሶፍትዌሮች የድራፍትማን፣ የንድፍ ሠሪው ሥራ ናቸው፣ ሶፍትዌር ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማሠልጠኛ አይደለም አለ። ራእይ የምትለዋን ቃል ቶናው እስኪደርስ ድረስ ከአፉ አልጣላትም። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው «ራእዩ የሚሳለው በምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «እሱ ዝርዝር ነው» ብሎ አለፈው።

ቀያሹ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እንዲያው አንቱ፣ በካርታ ላይ በሁለት ኮንቱር፣ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል የከፍታው ልዩነት 10 ሜትር፣ አግድሙ 40 ሜትር ቢሆን ቁልቁለቱ ስንት ነው?»

«ኮምፒውተሩ ያሰላዋል» አለ መምህሩ።

«25 በመቶ ነው። እዚያ ላይ መንገድ ቀጥ አድርጎ ማውጣት አይቻልም፣ መጠምዘዝ አለበት። ኮምፒውተሩ የሰጠህ ቁጥር ሲሳሳት በምን ታውቃለህ? ጋን በጠጠር ይደገፋል፣ ልጄ።» አንቱ ያሉት ሰው በአንድ አፍታ ልጅ ሆነ።

መምህሩ ወደ ሕጉ ዞረ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሕዝብን ማሳተፍ ይጠይቃል፣ ተማሪ ይህን ነው ማወቅ ያለበት አለ። እውነት ነው፣ ይጠይቃል። ነገር ግን ያው አዋጅ የከተማውን ጠቅላላ መልክ ከሚያሳየው መዋቅራዊ ፕላን ሌላ የአካባቢ ልማት ፕላንንም ይደነግጋል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ እያንዳንዷን መንገድ፣ እያንዳንዷን ይዞታ በልኳ ማስፈር ነው። የእትዬ እከሊትን አጥር ስንት ሜትር እንደሚነካ በትክክል ሳያሳዩ እትዬን ማሳተፍ እንዴት ይቻላል? ሕዝብ የሚከራከረው በመስመር ላይ ነው። መስመሩ ከተሳሳተ ስብሰባው ሁሉ ከንቱ ነው።

ገንዘብ የለም የሚለውም ምክንያት አይሠራም። ኪውጂአይኤስ በነጻ የሚወርድ የካርታ ሶፍትዌር ነው፤ ፈቃድ አያስገዛም። ልምምድ የወጣ ተማሪ ግን ፎቶ ኮፒ ሲያነሣና ፋይል ሲደረድር ወራቱ ያልቃል። ቶታል ስቴሽን የሚባለው የመሬት መለኪያ መሣሪያ ካርቶን ውስጥ እንደታሸገ ነው፣ «እንዳይሰበር» ተብሎ። ለማን ነው የተገዛው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህም ያልፋል። እኛ እጅን የምንንቅ ሰዎች ነን። የሚያርስበትን ማረሻ የሠራለትን ሰው «ቀጥቃጭ» ብሎ ሲሰድብ የኖረ፣ ሸማኔው በሸመነው ጋቢ ተጀቡኖ ሸማኔን ለልጁ አልድርም ያለ፣ እንጀራውን በሸክላ ምጣድ እየበላ ሸክላ ሠሪዋን የፈራ ማኅበረሰብ ነው ያሳደገን። ዛሬ ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፣ ንቀቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጋዋን ለብሷል። አሳቢው ከላይ፣ ሠሪው ከታች። ለምርቃቱ ፎቶ በግ ይታረዳል፤ ልጅቷ ምን መሥራት ትችላለች ብሎ የጠየቀ ዘመድ ግን አላየሁም። ቤተሰብ ያለውን አሟጦ ያስተምራል፣ የሚመለስለት ወረቀት ነው። በዚህ መሃል ያፈረችው ልጅቷ ብቻ ናት። ማፈር የነበረባት እሷ አልነበረችም።

በረካው ላይ መምህሩ ስልኩን እያየ ዝም አለ። ቀያሹ ልጅቷን አስጠሩ። አንገቷን ደፍታ በር ላይ ቆመች። «አብሽሪ» አሏት። «ቅዳሜ ጠዋት ጫማሽን አጥብቀሽ ነዪ። መጀመሪያ ባለ ቁጥሩን ዘንግ ትይዢልኛለሽ። ከዚያ እኔ ዘንጉን እይዛለሁ፣ አንቺ ታነቢያለሽ።»

ስወጣ ዝናቡ ወርዶ ነበር። ከዳገቱ የመጣው ጎርፍ በአስፋልቱ መሃል ይንደረደራል። አዲሱ ቦይ ጎኑ ላይ ደረቅ ነው። አፉ ከመንገዱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተሠርቷል።