ጠባሳ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም!

ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ ሚዛኑን እንደያዘች ትኩር ብላ አየችኝና "የኔ ልጅ፣ ፊትሽን ምን ነካው? ሎሚ ቀቢው እንጂ!" አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ቤቴ ገባሁ። በቃ፣ መሮኛል!

ብጉሩ እኮ ከለቀቀኝ ዓመታት አልፈዋል። የቀረው ጉንጬ ላይ የተሰረጎደው ነው። ሎሚውንም ቀብቼዋለሁ። ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ጠቆረ፣ ስንት ወር አልለቀቀኝም። አክስቴ እርድ በማር አለችኝ፣ እሱንም ሞከርኩ። አንዱ ሱቅ ደግሞ ካርቶን የሌለው ክሬም ሸጠልኝ። ፊቴ በሁለት ሳምንት ጠራ። ስተወው ግን ቆዳዬ ሳስቶ፣ ፀሐይ ባየ ቁጥር ይለበልበኝ ጀመር። ሐኪሙ "ስቴሮይድ የሚባል፣ ሲቆይ ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት ሳይኖረው አይቀርም" አለኝ።

ይህ ሐኪም አዲስ አበባ ነው ያየኝ። መስታወት አስይዞኝ ጉንጬን በሁለት ጣቱ ወጠረው። ጉድጓዶቹ ጠፉ! ሲለቀው ተመለሱ። ለካ ቆዳውን ከስር ወደ ታች የሚጎትት ክር መሳይ ነገር አለ። ታዲያ ከላይ የሚቀባ ሎሚ እሱን በምን ይፈታዋል?

ሕክምናው ትልቅ ቀዶ ጥገና አይደለም። ቦታውን ያደነዝዙታል፣ መርፌ ከጎን ቆዳው ስር ያስገቡና ክሮቹን ይቆርጣሉ። ቆዳው ቀና ይላል፣ ክፍተቱን ሰውነት ራሱ ኮላጅን በሚባል የቆዳ ፕሮቲን ይሞላዋል። እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ የሆኑትን ግን ይህ አያነሳቸውም፣ እነሱ ላይ አሲድ ጠብ ይደረጋል። ሌዘሩን ደግሞ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ካልተጠነቀቁ ጥቁረት ይተዋል።

የመርፌው ዘዴ በፈረንጆቹ 1995 ነው የታተመው። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ሎሚ ስጨምቅ ነበር! አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?

ደግሞ አንዴ ሄደው የሚጨርሱት አይደለም። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ የአልጋ፣ የትራንስፖርት። እንደገና ከሳምንታት በኋላ ያው ነው። መጀመሪያ ተሠርቼ ስመለስ ጉንጬ አብጦ በልዞ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዝቅ ባለ ድምፅ "ባልሽ ነው?" አሉኝ። አይደለም ብላቸውም አላመኑኝም። ደጀን እስክንደርስ እጄን ይዘውኝ ነበር። እንባዬ መጣ።

ለውጡ መታየት ጀምሯል፣ ሁለተኛው ቀጠሮዬ ደርሷል። ባለሱቆች፣ ምን እንዳለበት የማታውቁትን ክሬም ፊታችን ላይ አታስቀቡን። እናቶቼም፣ ሽንኩርት ልገዛ ስመጣ ሽንኩርቱን ብቻ መዝኑልኝ፣ እባካችሁ።